ለጡት የሚመታው ደወል

ይድረስ ላንቺ ለአሰገደች፣ አንኮበር ማርያም ከወይራው ሥር ላረፍሽው፤

ሰባ ዓመት አልፎኛል። በስንት እንዳለፈ ታውቂው የነበርሽ አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ወዲህ የሚቆጥርልኝ የለም። ግን አትስጊ። በግ በትከሻዬ ተሸክሜ የበሬሳን ወንዝ እሻገራለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ቆሎ በግራ መንጋጋዬ እቆረጥማለሁ። ሽመል ካነሳሁ አሁንም ሰው ይወድቃል፤ ካላመንሽ የወደቀውን መጠየቅ ይቻላል፣ እዚሁ ሰፈር አለ። ፊደልም አልጠፋኝም። ይኸው ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ እርሳሱን በምራቄ እያረጠብሁ፣ በቀኝ ዓይኔ ብቻ እያየሁ እጽፍልሻለሁ። ጎረቤቴ ጸሐፊ ላምጣልህ ቢለኝ አባረርሁት። ለሚስቴ የምለውን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም። የግራ ዓይንህ የት ሄደ ትይኛለሽ፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥሁት። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ልጅ አዝላለሁ። አዎ፣ እኔ ተሰማ። በአንቀልባ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ተዝካርሽን ሳላሳንስ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱ ጠግበው ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልቀመጥ አለኝ። ልጃችን ዘነቡም ደብረ ብርሃን ሥራ ገብቻለሁ፣ ናልኝ ብላ ላከችብኝ። ባሏ አዋሽ ጥጥ ለቀማ እወርዳለሁ ብሎ ወረደ፤ እስካሁን እየወረደ ነው። ሆዷ ገፍቶ ነበር። አንቺ ስትሞቺ «ዘነቡን አደራ» ብለሽኛል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁና በርኖሴን ለብሼ፣ ሽመሌን ይዤ፣ ያንቺን አንቀልባ ጠቅልዬ ገባሁ። አንቀልባውን ያወቅሽው ይመስለኛል፤ ዘነቡ ራሷ በጠላት ጊዜ ገደል ለገደል የታዘለችበት ነው። ቆዳው እንጨት ሆኗል፤ ቅቤ አጠጥቼ መለስሁት።

ልጅቱ ተወለደች። ማናለብሽ ያልኋት እኔ ነኝ። አገጯ ያንቺ ነው። ስትቆጣም ያንቺ ነው፤ ከንፈሯን አሹላ ታየኛለች፣ ምን አጠፋሁ ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ።

ዘነቡ የምትሠራበት የአንድ ነጋዴ የሱፍ ቤት ነው። ከከተማው ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሮ ቆሟል። ከመንዝ የተሸለተ ሱፍ በካሚዮን ይመጣል፣ ሴቶቹ ያጥቡታል፣ ያበጥሩታል፣ ይፈትሉታል፤ ብርድ ልብስ ሆኖ ይሄዳል። ሥራው ከባድ ነው፤ በውርጭ ውሃ ውስጥ እጅ ነክሮ መዋል ነው። ዘነቡ ታውቂያታለሽ፣ አላማረረችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የከበዳት። ማናለብሽ ከጡት ሌላ አትቀበልም። የላም ወተት በጨርቅ ብነክርላት ተፋችው። በቅል ባጠጣት ሆዷ ተበጠበጠና ሊገድላት ደረሰ። ስለዚህ በቀትር፣ የምሳው ደወል ሲመታ፣ እኔ አዝዬ ወስጄ ከበሩ አደርሳታለሁ፤ ዘነቡ ወጥታ አጥብታ ትመለሳለች። ደወሉ ደወልም አይደል፣ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ግን እስከ ገበያው ይሰማል።

ሰው ሳቀብኝ። ይሳቃ። አንድ ቀን ከጠጅ ቤቱ በር አንዱ ሞልቃቃ «እሜቴ ተሰማ፣ ወተት ተረፈዎት ወይ?» አለኝ። ማናለብሽን በቀስታ ከጀርባዬ አወረድሁ፣ ለጠጅ ቤቷ ባለቤት አስያዝሁ፣ ሰውዬውን በአንገቱ ይዤ ከነብርሌው ቦዩ ውስጥ ዶልሁት፣ ልጄን ተቀብዬ አዘልሁና መንገዴን ቀጠልሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ «እንደምን ዋሉ አባባ» ነው የሚሉኝ።

ክፉው ነገር አዲስ ካቦ ሲመጣ መጣ። ካቦ የሚሉት የሠራተኞቹን አለቃ ነው። ይህ ካቦ ሱፍ እየተሰረቀ ነው አለ፤ የሚወጣውም በእመጫቶች ነጠላ ሥር ነው አለ። እውነትም አንድ ሁለት ጊዜ ሱፍ ጠፍቷል ይላሉ፤ ማን እንደወሰደው ግን ያየ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ጠዋት ይዘጋል፣ ማታ ይከፈታል፤ ምሳችሁን ውስጥ ብሉ ተባሉ። እኔ በቀትር ከበሩ ስደርስ ዘበኛው መንገሻ የጉማሬ ቆዳ አለንጋውን በቦት ጫማው ላይ እየመታ «ሂድ ሽማግሌ፣ ወተት ገበያ ማዶ ነው» አለኝ። መንገሻ ወታደር ቤት ያደገ፣ ከመዘዞ በኩል የመጣ፣ ትከሻው በር የሚያህል ነው። ማናለብሽ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ማታ ዘነቡ ስትገባ ደረቷ ድንጋይ ሆኖ፣ ቀሚሷ በወተት ርሶ ነበር። ወተቱ ሱፉ ላይ ይፈሳል አለችኝ። አሰገደች፣ የሕፃን ምግብ ሱፍ ላይ ሲፈስ ሕፃኑ በር ላይ ሲራብ አስቢው። ሌሎቹም የሚያጠቡ ነበሩ፤ አንዷ ዘሃራ የምትባል፣ ገና የወለደች፣ ጡቷ ቆስሎ ትኩሳት ጥሏት ሰነበተች።

ልጅቱ በሳምንት ውስጥ መነመነች። አንገቷ የጫጩት አንገት ሆነ። እኔ በጦር ሜዳ የሚሞት ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ መልኩን አውቀዋለሁ። ያንን መልክ በልጅቱ ላይ ሳይ ጥርሴን ነከስሁ።

ከአጥሩ ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ምስማሩን ለቆ ነበር። በቀትር ዘነቡ ሱፍ የሚሰጣበትን ቦታ አልፋ ትመጣለች፣ ቆርቆሮውን ገፋ አድርጋ ጡቷን በክፍተቱ ታቀርባለች፤ እኔ ከውጭ ልጅቱን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ። ከሩቅ የሚያየኝ ሰው አጥር የሚያናግር እብድ ይለኛል። ግድ የለኝም። ልጅቱ ስትውጥ ይሰማኛል፤ ያ ድምፅ ከመለከት ይበልጥብኝ ነበር። ጥቂት ቀን እንዲያ አደረግን፣ አንገቷም መመለስ ጀመረ።

አንድ ቀን የሱፉ ብናኝ ልጅቱ አፍንጫ ገባና አስነጠሳት። ደጋግማ አስነጠሳት። ከውስጥ የቦት ጫማ ሰማሁ። ዘነቡ «አባዬ» አለች። ከዚያ አለንጋው ጮኸ። መጀመሪያ ጀርባዋን ነው የመታት። ልጅቱ ጡቱን ስለያዘች ዘነቡ አልተነቀለችም፤ እየተመታች ቆመች። እኔ ከውጭ ቆርቆሮውን እየደበደብሁ «በሕግ አምላክ!» አልሁ። ታውቂያለሽ፣ እኛ ዘንድ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ጩቤ መዞም ቢሆን ይቆማል። አባቶቻችን ቆመዋል፣ ሽፍታ ሳይቀር ቆሟል። ደግሜ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» አልሁ። መንገሻ ከውስጥ «እዚህ ሕጉ ካቦው ነው!» ብሎ ሦስተኛውን አለንጋ ከትከሻዋ በላይ ጠምዝዞ ደረቷ ላይ አሳረፈባት። ደሙ በክፍተቱ ረጨ። ማናለብሽን ሳያት አፏ ላይ ወተትና ደም ተቀላቅሏል።

አሰገደች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደስ ብሎኝ ነው የምነግርሽ።

ልጅቱን ጀርባዬ ላይ ጣልሁ፣ አንቀልባውን አጠበቅሁ፣ አጥሩን ዞሬ ሮጥሁ። ለሰባ ዓመት ሰው ሩጫ ነበር። በሩን በእግሬ ስለው መቀርቀሪያው ተሰበረ። መንገሻ አለንጋውን ይዞ ወደኔ መጣ። እንግዲህ አስቢው፤ ጀርባዬ ላይ ሕፃን አለች። ሰው ሲመታ ዞር ይላል፣ ትከሻውን ይሰጣል፣ ይሸሻል። እኔ ዞር ማለት አልችልም። ጀርባዬን እንዳልሰጥ ፊቴን ሰጠሁ። የመጀመሪያው አለንጋ ግንባሬን ተረተረው፣ ሁለተኛው ግራ ዓይኔን ወሰደው። እንደ እንቁላል ፈሰሰ፣ ጉንጬ ላይ ሲወርድ ሞቀኝ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሽመሌ ከክርኑ በታች አገኘው። የክንዱን አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ግራዋ ነው የጮኸው። አለንጋው ወደቀ። ካቦው ከኋላ ሊይዘኝ መጣ፤ ሴቶቹ የሱፍ ማበጠሪያውን፣ ያንን የብረት ጥርስ ያለውን፣ ይዘው ወጡበት። ኮቱን ከላዩ ላይ እንደ ሱፍ አበጠሩት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነው የተረፈ። ፖሊስ ሲደርስ እኔ በደም ታጥቤ መሐል ቆሜያለሁ፣ ማናለብሽ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ምንም አልነካትም። አንድ ጭረት እንኳ።

እኔ እስር ቤት ገባሁ። ዘነቡ ቁስሏ መግል ያዘና ለጊዜው ማጥባት አቃታት። ልጅቱን ያተረፏት እነዚያ የሱፍ ቤት እናቶች ናቸው። ማታ ከሥራ ሲወጡ በተራ ከቤታችን እየመጡ፣ ወይም ከቤታቸው እየወሰዷት አጠቧት። መጀመሪያ የመጣችው ዘሃራ ናት፤ ገና ከትኩሳቷ ያልዳነችው። «ቢስሚላህ» ብላ በደህናው ጡቷ ያዘቻት። የራሷ ልጅ በአንዱ ጉልበቷ፣ የኛዋ በሌላው።

ችሎት ቀረብሁ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። «አባባ፣ በሕግ አምላክ ብያለሁ ይላሉ፤ በየትኛው ሕግ ነው ያስቆሙት? ሴትየዋ ከሥራ ቦታዋ ወጥታ ነበር» አሉኝ። ጸሐፊው አዲሱን የሕግ መጽሐፍ ወዲያና ወዲህ አገላበጠና «ስለ ማጥባት የሚል አላገኘሁም» አለ። እኔ «ሕጉማ አለ» አልሁ። «የት?» አሉ። «ከአንኮበር በታች ዋሻ ውስጥ» አልሁ። ችሎቱ ሳቀ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሲያበቁ ያንቺን ነገር ነገርኋቸው።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እነሱ ግን አያውቁም ነበርና እንዲህ ብዬ ነው የነገርኋቸው። በጠላት ጊዜ ዋሻ ውስጥ ሳለን የጦር አለቃችን ሕፃን የያዙ ሴቶች ወደ ቆላ ይውረዱ፣ የልጅ ለቅሶ ያስገድለናል አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ልጇን ጡቷ ላይ እንደያዘች ተነሳች። «ልጄ የምታለቅሰው ጡት ስታጣ ነው። ጡቴ የሚደርቀው እናንተ እየበላችሁ እኔ ገደል ለገደል ውሃ ስቀዳ ስለምውል ነው። አብሉኝና ልጄ ዝም አትል እንደሆነ ያኔ ጣሉኝ» አለች። አለቃው ተቆጣ፤ ሽጉጡን ነካ ነካ አደረገ። አልተቀመጠችም። የዚያኑ ሰሞን የጠላት ባንዳ ጭፍራ ከዋሻው አፍ ላይ መጥቶ ሊያርፍ ተቀመጠ። ሲጋራቸው ይሸተን ነበር። የአንዲት የሞተች ሴት ልጅ ነበር፣ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ባለቤቴ አንስታ በሌላው ጡቷ ያዘችው። ሁለት ሕፃን በሁለት ጡት። ትንፋሽ አልተሰማም። ከዚያ እኛ በጎራዴ ወረድንባቸው። ከነሱ አንድም ተመልሶ አላወራም። አንገት ሲቀላ፣ ሰው ሲያጓራ፣ ደም ድንጋዩን ይዞ እስከ እግሯ ሥር ሲመጣ፣ ባለቤቴ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ልጆቹም ጡት አልለቀቁም። በማግሥቱ አለቃችን ሁላችንን ሰብስቦ አወጀ። የምታጠባ ሴት ጓዝ አትሸከም፣ ውሃ አትቅዳ፣ በሶ ሲታደል መጀመሪያ ትቅመስ፤ ከምታጠባ ሴት የከለከለ ከጠላት ጋር ይቆጠራል አለ። ያ አዋጅ ነው። የሻረው አልሰማሁም። እኔም ያስቆምሁት በዚያ ነው።

ዳኛው «ያ የጦርነት አዋጅ ነው፣ አባባ። ጠላት ሄዷል» አሉ። «ጠላት ሄዷል፣ ሕፃን ግን ዛሬም ይርበዋል» አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ እጅ የሰበረም፣ ዓይን ያጠፋም፣ ሴት የገረፈም በሽማግሌ ይነጋገር፤ ካልታረቁ ሁሉንም በመጽሐፉ እፈርዳለሁ አሉ።

ሽምግልናው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነበር። መንገሻ ክንዱ በሸምበቆ ታስሮ መጣ። ሽማግሎቹ ካሳ ጠይቅ ሲሉት «ካሳ አልፈልግም፤ ይህ ሰውዬና ልጁ ዳግመኛ ሕፃን ይዘው ከበሩም ከአጥሩም እንዳይደርሱ ይማልልኝ፣ እኔም እንጀራዬን ልብላ» አለ። ያንን ብምል ማናለብሽ በማታ ጡት ብቻ አትዛለቅም፣ በረሃብ ትሞታለች። ባልምል እኔ ወህኒ እወርዳለሁ፣ አዝሎ የሚወስዳት የለም፤ ያው ትሞታለች። ሁሉም ያዩኛል። አንዱ ሽማግሌ «በል እንጂ አያ ተሰማ፣ ቃልህን ስጥ» አለኝ።

እኔ መንገሻን አየሁት። አባትህ ማን ነው አልሁት። «አላውቀውም፤ ምን አገባህ?» አለ። መሬትስ አለህ አልሁት። «የቆምሁበት ቦት ጫማ» አለ። «እንግዲያው እጅህን ሰብሬያለሁና ልጄ ላድርግህ፤ ጡቴን ጥባ። ከአንኮበሩ መሬቴ የልጅ ድርሻህን ውሰድ» አልሁ። ሽማግሎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አያ ተሰማ ዓይኑ ብቻ አይደለም የፈሰሰው የሚሉ መሰሉ። ግን የጡት ልጅነት የቆየ ደንብ ነው፤ ማር የተቀባ አውራ ጣት የጠባ ሰው ልጅ ይሆናል፣ ይወርሳል፣ ያለቅሳል፣ ይቀብራል። ማንም ሊከለክለኝ አይችልም። መንገሻ የታሰረ ክንዱን አየ፣ ቦት ጫማውን አየ። ከዚያ «እሺ» አለ።

ማር ከጎረቤት ቀፎ መጣ። ጋቢ ከላያችን ጣሉብን። አውራ ጣቴን ነከርሁና አፉ ውስጥ አገባሁለት። ጠባ። ከዚያ ነከሰኝ። እስከ አጥንት ነው የነከሰኝ፤ የክንዱን ሕመም ሁሉ በጥርሱ ከፈለኝ። ማሩም ደሙም በአገጩ ወረደ። አልነቀልሁም። አንቺ ዘነቡ ጥርስ ስታበቅል እየነከሰችሽ እንባሽ እየወረደ መቼ ነቀልሻት? እኔ ካንቺ አንሳለሁ እንዴ? እስኪበቃው ጠበቅሁት። ሲለቀኝ እያለቀሰ ነበር፤ በንዴት ይሁን በሌላ አልጠየቅሁትም።

ጋቢው ሲነሳ ጣቴን ጠቅልዬ ሽማግሎቹ እየሰሙ «እንግዲህ መንገሻ ልጄ ነህ፤ ዘነቡ እህትህ ናት። ነገ ቀትር ላይ ቸርኬው ሲመታ እህትህ ልጇን ልታጠባ ትወጣለች። ትገርፋታለህ?» አልሁት። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። «ቀላል ሰው አይደለህም!» አለ። ሽማግሎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። መንገሻ ግን ግትር ነው፣ ልጄ መሆኑ ያኔውኑ ታወቀ፤ «እሷ ትውጣ። ሌሎቹስ ምኔ ናቸው?» አለ። ያኔ ዘሃራ ከዳር ተነሳች፤ ልጇን እንደታቀፈች። «የእህትህን ልጅ ጡቴን አጥብቻታለሁ። እናቷ ነኝ። እነዚህም ሁሉ አጥብተዋታል። የእህትህን ልጅ እናቶች በር ልትዘጋባቸው ነው?» አለችው። ሽማግሎቹ መሳቃቸውን ተዉ። ተመካከሩ። ጡት ያገናኘው ዘመድ ነው፣ መንገሻ በዘመዶቹ ላይ በር አይዘጋም፣ እጁንም አያነሳም ብለው አስማሉት። እኔንም በመንገሻ ላይ ሽመል እንዳላነሳ አስማሉኝ። መንገሻ ዘነቡን እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር አለችው፤ እግሯን ግን ቶሎ አላነሳችለትም፣ አየሁ።

በማግሥቱ ቸርኬው ተመታ። መንገሻ በአንድ እጁ በሩን ከፈተ። ካቦው እየሮጠ መጣ፣ በጥፊ መታው። መንገሻ በደህናው እጁ ካቦውን ከኮሌታው አንስቶ ከቆርቆሮው ጋር አጣበቀው። እግሩ አየር ላይ ነበር። «ሱፉን አንተ ጠብቅ፤ በሩ የኔ ነው። የሚወጡት ዘመዶቼ ናቸው» አለው። ሴቶቹ በሁለቱ አጠገብ እያለፉ ወጡ። እኔ ማናለብሽን ይዤ ማዶ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያዋ ዘነቡ ናት። በቆሰለው አይደለም፣ በሌላው ጡቷ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳትደበቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አጠባች።

ባለቤቱ ነጋዴ ከአዲስ አበባ በመኪና መጣ። ካቦው የተበጠረውን ኮት አሳየው። ነጋዴው «ሱፌ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» አለ። እኔ ዋስ ነኝ አልሁ። በምን አለኝ። «አንድ ጭብጥ ሱፍ በሚያጠቡት ነጠላ ሥር ከወጣ የቀረውን ዓይኔን አውጣ» አልሁት። አየኝ፤ የጠፋውን ጉድጓድ አየ። ሴቶቹም ጡታቸው እየቆሰለ በትኩሳት ሲቀሩበት ከርመዋልና የሚጠቅመውን አሰበ መሰለኝ። «እሺ፣ ይውጡ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አሁን ቸርኬው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዴ ለእንጀራ፣ አንዴ ለጡት። ሁለተኛውን የማናለብሽ ደወል ይሉታል። ሲመታ የሰፈሩ ሽማግሎች፣ ባል የሞተባቸው፣ ሥራ የፈቱ፣ ሕፃን ይዘው ይመጣሉ። ከመካከላቸው ቦይ የዶልሁት ሞልቃቃም አለ፤ የእህቱን ልጅ አዝሏል። «እሜቴ፣ ደህና ዋልሽ?» አልሁት። አንገቱን ደፋ።

ይህ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለም ይሉኛል። እኔና መንገሻ ስንሞት ሌላ ካቦ መጥቶ በሩን ሊዘጋ ይችላል። እኔም ያንን ስለማውቅ ነው እርሳስ የያዝሁት። የዋሻውን አዋጅ ማንም አልጻፈውም ነበር፤ ይኸው ጻፍሁት። የበሩንም ጻፍሁት። ማናለብሽ ፊደል ስትቆጥር ይህን ታነባለች፣ ዘግተውባት ከተገኙም ወደ ችሎት ይዛው ትሄዳለች።

አንቺን አልረሳሽም። ሁለተኛው ቸርኬ በተመታ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሰማ አልሰማ።

የቀረብኝን ዕዳ ሁሉ ራሴ ነኝ የምከፍለው። ዘነቡ ልክፈልልህ ትላለች፣ መንገሻም ይላል፤ አልሰማቸውም። የመንገሻ ክንድ እስኪጠነክር እንጨቱን የምፈልጥለት፣ ውሃውን የምቀዳለት እኔ ነኝ። ለመሬቱም አንኮበር ወስጄ ድንበሩን በእግሬ ዞሬ አሳየዋለሁ። ለማሩ ባለቤት ቀፎውን በጭቃ እለስንለታለሁ ብያለሁ፣ እለስናለሁ። ለማናለብሽ የጡት እናቶች በግ አርዳለሁ፤ ለዘሃራ የሷን በግ የሷው ሰው እንዲያርድላት ከነነፍሱ ጎትቼ አደርስላታለሁ። ለማርያም ልጅቱን ብታተርፍልኝ ብዬ ጧፍ ተስያለሁ፤ ሰሙን ራሴ አቅልጬ እሠራዋለሁ። ለካቦው አንድ ሽመል አለብኝ፤ ሽማግሎቹ በመንገሻ እንጂ በካቦው አላስማሉኝም፣ እሱም ስለሚያውቀው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ይቆየኝ፣ አልቸኩልም።

ላንቺ ደግሞ አንድ ጭብጥ በሶ አለብኝ። በዋሻው፣ አዋጁ በወጣ ማግሥት፣ በሶው ለናንተ ለሚያጠቡት ታድሎ ለኔ ሳይደርስ ሲያልቅ፣ ድርሻሽን ከፍለሽ በጨለማው መዳፌ ውስጥ ያኖርሽውን። የዘነቡ ነበር፤ ከጡትሽ ላይ ነው የሰጠሽኝ። ሲጠሩኝ ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ ፈጭቼ፣ በራሴ መዳፍ ይዤልሽ እመጣለሁ። ማንም እንዳይከፍልልኝ።

ባልሽ ተሰማ